የማይሸጋሸገውን ከሚሸጋሸገው መለየት፦ የነርስነት ትምህርት፣ የሆስፒታል ልምምድና ቤተሰብ በአሜሪካ

በአሜሪካ ከሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች መካከል በጤናው ዘርፍ የተሰማሩት በርካታ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ መንገዱን የጀመሩት በነርሲንግ ሆም ወይም በቤት ለቤት እንክብካቤ፣ ሲኤንኤ ተብሎ በሚጠራው የረዳት ነርስነት ሥራ ነው። ሲኤንኤ ማለት በፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ወስዶና የክፍለ ግዛቱን ፈተና አልፎ ሕመምተኛን የሚያጥብ፣ የሚያለብስ፣ የሚያበላ፣ የደም ግፊትና የሙቀት መጠን የሚለካ ሠራተኛ ነው። ከእርሱ በላይ ያለው ኤልፒኤን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ያህል የሚፈጅ ሲሆን፣ ሙሉ ነርስ የሚያሰኘው አርኤን ግን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በሁለት ዓመት፣ በዩኒቨርሲቲ ደግሞ በአራት ዓመት ትምህርት የሚደረስበት እርከን ነው። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ልጅ እያሳደገና እየሠራ ወደ አርኤን ለመሸጋገር የሚማር ሰው ነው፤ ከእነዚህ ተማሪዎች አብዛኞቹ ሴቶች በመሆናቸው «ተማሪዋ» እየተባለ ቢጻፍም፣ የተባለው ሁሉ ለሚማር አባትም ይሠራል።

ትምህርት፣ ልምምድና ቤተሰብ በተለምዶ ሦስት እኩል ሸክሞች ተደርገው ይታሰባሉ፤ መካሪዎችም ለሦስቱም እኩል ጊዜ መስጠትን ሲያስተምሩ ይሰማል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ተማሪዎች «ክሊኒካል» የሚሉት የሆስፒታል ልምምድ ቀንና ሰዓቱ በሆስፒታሉና በትምህርት ቤቱ ስምምነት የሚቆረጥ፣ ይዘቱም የክፍለ ግዛቱ የነርሲንግ ቦርድ በሚቆጣጠረው ሥርዓተ ትምህርት የሚወሰን በመሆኑ፣ ተማሪዋ ልታንቀሳቅሰው አትችልም፤ የልጅ ትኩሳትም ቀጠሮ ይዞ አይመጣም። ስለዚህ እቅድ ማውጣት ማለት ጊዜን እኩል ማካፈል ሳይሆን፣ ለማይሸጋሸገው አስቀድሞ ቦታውን ከሰጡ በኋላ የሚሸጋሸጉትን፣ ማለትም የደመወዝ ሥራን፣ ማኅበራዊ ግዴታን፣ የማእድ ቤቱን ሥራና የጥናቱን መልክ በተረፈው ቦታ ማስተካከል ነው።

ከምዝገባ በፊት ሰዓቱን ቆጥሮ ማየት

የነርሲንግ ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት መጠናቀቅ የሚገባቸው፣ «ፕሪሪኩዚት» የሚባሉ የቅድመ ሁኔታ ኮርሶች አሉ፤ ከእነዚህም የሰውነትን አካላትና አሠራራቸውን የሚያስተምረው አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ክፍል አንድና ሁለት፣ ስለ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚያስተምረው ማይክሮባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሥነ ልቦና፣ በብዙ ኮሌጆችም ስታቲስቲክስ ይገኙበታል። እነዚህ ኮርሶች የሆስፒታል ልምምድ የሌላቸውና ብዙውን ጊዜ በምሽት ወይም በኦንላይን የሚሰጡ በመሆናቸው፣ ልጅ ያላት ሠራተኛ በየሴሚስተሩ አንድ ወይም ሁለት እየወሰደች ብትጨርሳቸው ያዋጣታል። ይሁንና ከአምስት ወይም ከሰባት ዓመት በላይ የቆየ የሳይንስ ውጤት የማይቀበሉ ፕሮግራሞች ስላሉ ዝግታውም ልክ ሊኖረው ይገባል። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁት ቲስ የተባለው የመግቢያ ፈተና ንባብን፣ ሒሳብን፣ ሳይንስንና እንግሊዝኛን የሚለካ 170 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን፣ አናቶሚው ገና ከአእምሮ ሳይጠፋ መውሰዱ ይመረጣል። በኢትዮጵያ በነርስነት ተመርቃ የመጣች ሰው ግን ይህን ሁሉ እንደ አዲስ ከመጀመሯ በፊት ቀድሞ ሲጂኤፍኤንኤስ ይባል በነበረው የውጭ አገር ነርሶች ማስረጃ መርማሪ ድርጅት በኩል ትምህርቷን ማስገምገምና ልትሠራበት የምታስበው ክፍለ ግዛት ቦርድ ምን እንደሚጠይቅ ማጣራት ይኖርባታል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመማር ጥቂት የጎደሉ ኮርሶችን ማሟላት ሊበቃ ይችላልና።

ወደ ፕሮግራሙ ከመግባት በፊት ግን ከሁሉ የሚቀድመው ሥራ የሳምንቱን ሰዓት በወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ክሬዲት የሚባለው የኮርስ መለኪያ በንድፈ ሐሳብ ትምህርት አንዱ በሳምንት አንድ የክፍል ሰዓትና ወደ ሁለት የጥናት ሰዓት የሚወክል ሲሆን፣ በልምምድ ግን በብዙ ትምህርት ቤቶች አንዱ ክሬዲት በሳምንት ሦስት ሰዓት ሆስፒታል መገኘትን ይጠይቃል። ዘጠኝ ክሬዲት ተብሎ የተጻፈ አንድ ኮርስ አምስቱ የንድፈ ሐሳብ፣ አራቱ የልምምድ ቢሆኑ፣ 5 ሰዓት ክፍል፣ 12 ሰዓት ሆስፒታል፣ 10 ሰዓት ጥናት ማለት ነው፤ ለልምምዱ ዝግጅትና ለጽሑፍ ሥራው 4፣ ለመንገድ 5 ሰዓት ቢጨመር 36 ይደርሳል። በዚህ ላይ 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው 76 ሰዓቱ ተይዟል፤ በሳምንት ካለው 168 ሰዓት በቀን ሰባት ሰዓት እንቅልፍ፣ ማለትም 49 ሲቀነስ፣ ለልጅ፣ ለምግብ፣ ለገበያ፣ ለጸሎት፣ ለሐኪም ቀጠሮ የሚተርፈው 43 ብቻ ነው። ቁጥሩ በወረቀት ሲያዩት የሚበቃ ይመስላል፤ ችግሩ አርባ ሦስቱ ሰዓት በአንድ ላይ የተቀመጠ ሳይሆን ሃያ ደቂቃ እዚህ፣ አርባ ደቂቃ እዚያ የተበጣጠሰ መሆኑ ነው። ሥራው ወደ 24 ሰዓት ዝቅ ቢል ትርፉ 59 ይሆናል፣ እጅግ አስፈላጊው ነገርም በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ነጻ ይወጣል። ይህን ስሌት ሳታደርግ ሥራዋን እንደያዘች ፕሮግራም የምትጀምር ተማሪ ሥራውን በሁለተኛው ወር፣ ማለትም ከመጀመሪያው ፈተና ውድቀት በኋላ፣ በድንገት ለመቀነስ ትገደዳለች።

የክትባቱና የማስረጃው ፋይል

ሆስፒታሎች ተማሪን ወደ ክፍሎቻቸው የሚያስገቡት የኩፍኝ፣ የጉድፍ፣ የቴታነስና የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ማስረጃ፣ የወንጀል ታሪክ ምርመራ፣ የዕፅ ምርመራ እንዲሁም ቢኤልኤስ የተባለው የልብና የትንፋሽ ማስቀጠያ ሥልጠና ምስክር ወረቀት ሲሟላ ነው፤ ወረቀቱ ለሁለት ዓመት ያገለግላል። ከክትባቶቹ ሁሉ ጊዜ የሚወስደው የሄፓታይተስ ቢ ሲሆን፣ ሦስቱ መርፌዎች በተለመደው ሰሌዳ በስድስት ወር ውስጥ የሚሰጡ ስለሆነ መጀመር ያለበት የመግቢያው ደብዳቤ ሲመጣ ሳይሆን ማመልከቻው ሲገባ ነው።

ለኢትዮጵያውያን ለይቶ ሊነገር የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። በሕፃንነት ቢሲጂ የተባለውን የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የተከተበ ሰው በክንድ ቆዳ ሥር ተወግቶ ከ48 እስከ 72 ሰዓት በኋላ በሚነበበው ምርመራ በሽታው ሳይኖርበት እንዳለበት ተደርጎ ሊታይ ይችላል፤ ከዚያ ራጅ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ ደብዳቤ እየተከተለ የልምምዱ መጀመሪያ ሊያመልጥ ይችላል። በቢሲጂ የማይታለለው ኢግራ የሚባለው የደም ምርመራ በመሆኑ፣ ተማሪዋ የትምህርት ቤቱ ጤና ክፍል ይህን እንዲቀበላት አስቀድማ ብትጠይቅ ብዙ ምልልስ ይቀርላታል።

ከቤተሰብ ጋር በግልጽ መዋዋል

በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት የሥራ ክፍፍል የሚወሰነው በንግግር ሳይሆን በልማድ ነው፤ ልማዱም ባል ታክሲ ወይም ኡበር እየነዳ አለዚያም በፓርኪንግ ተቀጥሮ ገቢ ሲያመጣ፣ ሚስት ደግሞ ከራሷ ሥራ ተመልሳ ማብሰሉንና ልጆችን መያዙን እንድትደርብ ያደርጋል። ትምህርት በላዩ ሲጨመር ልማዱ በራሱ ጊዜ አይለወጥም፤ ተማሪዋም በይሉኝታ ምንም ሳትናገር ሁሉንም ለመሸከም ትሞክርና ቅሬታው በሴሚስተሩ አጋማሽ፣ ሁሉም በደከመበት ሰዓት ይፈነዳል። ስለዚህ ሴሚስተሩ ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ባለትዳሮቹ ቡና ተፈልቶ ሊቀመጡበት የሚገባ ጉዳይ አለ፤ እሱም በልምምዱ ቀናት ልጆቹን ማን እንደሚያነሣና ማን እንደሚያደርስ፣ የትኞቹን ቀናት ማን እንደሚያበስል፣ የወር ገቢው በስንት እንደሚቀንስና ይህ ሁሉ እስከ መቼ እንደሚቆይ ነው። «አግዘኝ» የሚለው ጥያቄ ልክ ስለሌለው ሁለቱንም ያስቀይማል፤ «ማክሰኞና ሐሙስ ልጆቹን የምታደርስ አንተ ነህ፣ እስከ ግንቦት መጀመሪያ» የሚለው ግን መጀመሪያና መጨረሻ ስላለው ለመቀበልም ለመፈጸምም ይቀላል።

ውሉ በቃል ቀርቶ በማቀዝቀዣው በር ላይ በሚለጠፍ የቀን ሰሌዳ መጻፍ አለበት። በዚህ ላይ የሰዓት አጻጻፍ ትንሽ የሚመስል ነገር ግን ብዙ የሚያጣላ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ሆስፒታል የሚጠቀመው በ24 ሰዓት የሚቆጠረውን አቆጣጠር በመሆኑ የጠዋቱ 1 ሰዓት 0700፣ የምሽቱ 1 ሰዓት 1900 ተብሎ ይጻፋል፤ ልጆች በትምህርት ቤታቸው 7 ይሉታል፤ አያት ደግሞ አንድ ሰዓት ይሉታል። በአንድ ቤት ሰዓት በሦስት ዓይነት ሲቆጠር ልጅ በር ላይ ቆሞ መቅረቱ አይቀርምና፣ በሰሌዳው ላይ እያንዳንዱን ሰዓት በኢትዮጵያና በአሜሪካ አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ ያስፈልጋል። ትንንሽ ልጆች ቁጥር ባያነቡም የልምምዱ ቀናት በቀይ ከተቀቡላቸው እናታቸው በየትኞቹ ቀናት ጠዋት እንደማትኖር ቶሎ ይለምዳሉ፤ የሚያስለቅሳቸውም መቅረቷ ሳይሆን ሳይጠብቁ መቅረቷ እንደሆነ ከአንድ ወር በኋላ ይታወቃል።

ከአገር ቤት እናትን ወይም አማትን በጉብኝት ቪዛ ማስመጣት የተለመደ መፍትሔ ነው። ለጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀደው ቆይታ ስድስት ወር በመሆኑ፣ ከ15 እስከ 16 ሳምንት ለሚፈጅ አንድ ሴሚስተር በትክክል ይበቃል፤ ስለዚህ ጥያቄው ይምጡ ወይስ አይምጡ ሳይሆን በየትኛው ሴሚስተር ይምጡ የሚለው ነው። መልሱም በአብዛኛው ሜዲካል ሰርጂካል የሚባለው፣ የአዋቂዎችን የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና እንክብካቤ የሚያጠቃልለውና ተማሪዎች አብዝተው የሚወድቁበት ኮርስ የሚሰጥበት ወቅት ነው። አያት መኪና ስለማይነዱ ማድረሱንና ማምጣቱን አያቃልሉም፤ የሚያቃልሉት ከዚያ የሚብሰውን የንጋቱን ሰዓት ነው።

የንጋቱ ሰዓትና መጠባበቂያው

የልምምድ ቀን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ45 አካባቢ፣ የሌሊቱ ፈረቃ ነርሶች ለቀኑ ፈረቃ ነርሶች ስለ ሕመምተኞች ሁኔታ ርክክብ ከሚያደርጉበት ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። የሕፃናት ማቆያዎች ግን በአብዛኛው የሚከፈቱት 12 ሰዓት ተኩል ወይም 1 ሰዓት ላይ ነው፤ የመንገዱ ርቀት ሲታሰብ ከቤት መውጫው ሰዓትና ልጅ መቀበያው ሰዓት መካከል ቢያንስ አንድ ሰዓት ክፍተት ይፈጠራል። ይህ አንድ ሰዓት ትንሽ ይመስላል፤ ይሁንና አንዲት ተማሪ በሁለት ዓመት ውስጥ የምታመሽባቸው ጥናቶች ሁሉ ከሚፈጁት ጥረት ይልቅ ይህን ክፍተት መድፈን የበለጠ ሊያስጨንቃት ይችላል። መድፈኛው የባል የሥራ ሰዓት ዘግይቶ መጀመር፣ የአያት መኖር፣ በዚያው ሕንፃ የምትኖር ጎረቤት፣ ወይም በየከተማው ያሉ ኢትዮጵያውያት በቤታቸው ፈቃድ አውጥተው የሚያስተዳድሩት፣ ከትልልቆቹ ማቆያዎች ይልቅ በሰዓት ለመነጋገር የሚቻልበት የሕፃናት ማቆያ ነው። ከእነዚህ አንዱን ይዞ መጀመር አይበቃም፤ ሁለተኛው መጠባበቂያ ስሙና ስልኩ በሰሌዳው ላይ ሊጻፍ፣ ሰውየው ወይም ሴትየዋም አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል።

መጠባበቂያው የሚፈለግባቸው ሁለት የታወቁ ሁኔታዎች አሉ። የመጀመሪያው ሕመም ነው፤ ማቆያዎች ትኩሳት የነበረውን ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚቀበሉት መድኃኒት ሳይወስድ 24 ሰዓት ያለ ትኩሳት ከቆየ በኋላ ስለሆነ፣ ማታ የተነሣ ትኩሳት የነገውንም ቀን ይበላል። ሁለተኛው በረዶ ነው፤ በዋሽንግተን አካባቢ ጥቂት ኢንች በረዶ ሲወርድ የልጆች ትምህርት ቤት ይዘጋል ወይም በሁለት ሰዓት ይዘገያል፣ ሆስፒታል ግን አይዘጋም። በልምምድ አንድ ወይም ሁለት ቀን መቅረት ኮርሱን ሊያስጥል በሚችልባቸው ፕሮግራሞች፣ እነዚህን ቀናት አስቀድሞ ያላሰበች ተማሪ ከሕመምተኛዋ ጋር ሳይሆን ከአየር ትንበያው ጋር ትታገላለች። የማካካሻ ቀን ወይም በአሻንጉሊት ሕመምተኛ የሚካሄደው ሲሙሌሽን ይኖር እንደሆነ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ሳምንት በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የደመወዙ ሥራ

ከሚሸጋሸጉት ሁሉ ዋናው የደመወዝ ሥራ ሲሆን፣ ለመንካትም የሚፈራው እርሱ ነው። ፒአርኤን የሚባለው፣ አሠሪው በፈለገ ጊዜ የሚጠራበትና ሠራተኛዋም እምቢ ለማለት የምትችልበት ቅጥር ለሰዓት ክፍያው ጥሩ ነው፤ የዓርብና የቅዳሜ ሌሊት ፈረቃም ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ ስላለው በሰዓት ከወትሮው የበለጠ ያስገኛል። ሆኖም በአሜሪካ የጤና መድን ሕግ በሳምንት ከ30 ሰዓት በታች የሚሠራ ሰው እንደ ሙሉ ሠራተኛ ስለማይቆጠር፣ ቤተሰቡ በእርሷ መድን የሚጠቀም ከሆነ ሰዓት ከመቀነሱ በፊት ወደ ባል መድን ወይም ወደ ክፍለ ግዛቱ የመድን ገበያ መሸጋገር ይኖርበታል።

የጎደለውን ገቢ የሚሞሉ በሮች ከሚታሰበው በላይ ናቸው። ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ከወትሮው በኦክቶበር 1 የሚከፈት ሲሆን፣ ገቢያቸው ዝቅ ያለ ተማሪዎች በእርሱ በኩል የሚያገኙት የማይመለስ የፔል እርዳታ ለ2024–25 የትምህርት ዓመት እስከ 7,395 ዶላር ነበር። ብዙ ሆስፒታሎችና ነርሲንግ ሆሞች ለሠራተኞቻቸው የትምህርት ክፍያ ይሸፍናሉ፤ ከዚህም በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ግብር አይከፈልበትም። ሲካምፒስ የሚባለው የፌዴራል ፕሮግራም ደግሞ በሚሳተፉ ኮሌጆች ለሚማሩ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ወላጆች የሕፃናት ማቆያ ወጪ ይደግፋል። ዕቁብ ያላት ተማሪ ዕጣዋ በየትኛው ወር ቢወጣ እንደሚሻል ለሰብሳቢው ብትነግር አያስነውራትም፤ የመጽሐፍና የዩኒፎርም ወጪ የሚከመረው በመጀመሪያው ሴሚስተር መግቢያ ላይ ነውና።

ከሥራ አኳያ የማይደፈር አንድ ወሰን ግን አለ፤ የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ በቀጥታ ወደ ክሊኒካል አለመሄድ ነው። ለ17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ መቆየት በደም ውስጥ 0.05 በመቶ፣ ለ24 ሰዓት መቆየት ደግሞ 0.10 በመቶ አልኮል ከመኖር ጋር የሚመሳሰል ድክመት ያመጣል፤ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ጠጥቶ መንዳት ተብሎ የሚያስከስሰው 0.08 ነው። አንድ የሌሊት ፈረቃ የሚያስገኘው ገንዘብ መድኃኒት በማሳሳት ወይም መሪ ላይ በማሸለብ ከሚመጣው ጋር ሊነጻጸር አይችልም።

የጥናቱ መልክ

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው በነርሲንግ ፈተና የሚደናገጠው ትምህርቱ ከብዶት ሳይሆን የጥያቄው ዓይነት እንግዳ ሆኖበት ነው። ከአራቱ ምርጫዎች አራቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚጠየቀው ነርሷ «መጀመሪያ» ምን ታደርጋለች የሚለው ነው። በመሆኑም ሸምድዶ የመጣ ተማሪ ይወድቃል፣ ቅደም ተከተል የገባው ያልፋል። ቅደም ተከተሉ በሁለት ነገሮች ላይ የቆመ ነው፤ አንደኛው የአየር መተላለፊያ፣ ትንፋሽና የደም ዝውውር በዚሁ ተራ እንደሚቀድሙ ማወቅ፣ ሁለተኛው ደግሞ የነርሲንግ ሂደት የሚባሉትን አምስት ደረጃዎች ማለትም መመርመርን፣ ችግሩን መለየትን፣ ማቀድን፣ መፈጸምንና ውጤቱን መመዘንን ሳይዘሉ መከተል ነው። ስለዚህ ከጥናት ሰዓቱ ቢያንስ ግማሹ ለጥያቄ ልምምድ መዋል አለበት፤ ጥያቄ ደግሞ ለተበጣጠሰ ሰዓት የተመቸ ነው፤ ልጅ ኳስ ሲለማመድ በመኪና ውስጥ ተቀምጦ አሥር ጥያቄ መሥራት ይቻላል፣ አንድ ምዕራፍ ማንበብ ግን አይቻልም።

ሁለት ቋንቋ ማወቅ በዚህ ትምህርት ውስጥ ጉዳት ብቻ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ይሁንና ለማጥናት ብልህ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። የልብ ድካም ያለበት ሰው እግሩ ለምን እንደሚያብጥ፣ ማለትም ልብ የመግፋት ኃይሏ ሲቀንስ ደም ወደ ኋላ በሥሮች ውስጥ ተጠራቅሞ ፈሳሹ ወደ ሥጋ እንደሚዘልቅ፣ ላሲክስ የተባለው የሽንት መድኃኒት ለዚህ እንደሚሰጥ፣ ሕመምተኛው በየጠዋቱ የሚመዘነውና ፖታስየሙ የሚለካውም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳትጨምር ለአማቷ በአማርኛ ማስረዳት የቻለች ተማሪ ነገሩ ገብቷታል፤ ያልቻለች ግን የያዘችው ቃል ብቻ ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ወዲያው ያንኑ በእንግሊዝኛ መድገም አስፈላጊ ነው። ዕድሜያቸው ሰባትና ስምንት የሆኑ ልጆችም የመድኃኒት ስም የተጻፈባቸውን ካርዶች እያነበቡ እናታቸውን መጠየቅ ይወዳሉ፣ የእንግሊዝኛ አነባበቧንም ያለ ርኅራኄ ያርማሉ።

የመድኃኒት መጠን ስሌት ለብቻው ጊዜ የሚሻ ነው፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች 90 በመቶና ከዚያ በላይ ካልተገኘበት ወደ ልምምድ አያስገባም። በኪሎ ያደገ ሰው እዚህ ፓውንድን በ2.2 እያካፈለ፣ ለምሳሌ 154 ፓውንድ የሚመዝንን ሕመምተኛ 70 ኪሎ እያለ፣ የሻይ ማንኪያን 5፣ አውንስን 30 ሚሊ ሊትር እያደረገ መቀያየርን በየቀኑ አምስት ደቂቃ ሊለማመድ ይገባል።

ማእድ ቤትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። እንጀራ በየሱቁ ይሸጣል፤ እሑድ ከሰዓት አንድ ትልቅ ድስት ቁሌት ሠርቶ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍሎ በረዶ ቤት ያስቀመጠ ሰው፣ በሳምንቱ ውስጥ ሥጋ ወይም ምስር እየጨመረ በግማሽ ሰዓት ወጥ ያደርሳል፤ ባል ሊሠራው የማይችለው ሥራም አይደለም።

ለቅሶ፣ ክርስትና፣ በዓልና ጾም

ከሰዓት ሁሉ ሳይታወቅ የሚፈሰው ማኅበራዊ ሰዓት ነው። ለቅሶ መድረስ፣ ማኅበር፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ የልጅ ልደት እያለ ቅዳሜና እሑድ ያልቃል፤ ማን ቀረ ማን መጣ መባሉም ስለማይቀር ተማሪዋ ሁሉን ለመድረስ ስትል አንዱንም በወጉ አትደርስም። ከዕድር ሳይወጡ ድርሻን ማቅለል ግን ይቻላል፤ ገንዘቡን እየከፈሉ የመስተንግዶ ተራን በሌላ ማስቀየር፣ ለቅሶ ከሦስተኛው ቀን ይልቅ በሚመች ምሽት ለአጭር ጊዜ መድረስ፣ ለሩቅ ጉዳይ ባልን ወይም እኅትን መወከል ነውር የለውም። ከሴሚስተሩ በፊት ለዘመድና ለማኅበር አባላት «እስከዚህ ወር ትምህርት ላይ ነኝ» ብሎ አንድ ጊዜ መናገር በየጊዜው ሰበብ ከመፈለግ ይሻላል፤ እንዲያውም ከተናገሩት በኋላ ምግብ ሠርቶ የሚያመጣ ሰው አይጠፋም።

በዓላቱን በተመለከተ የአሜሪካ የትምህርት ሰሌዳ የራሱ ጭካኔና ቸርነት አለው። ገና በጃንዋሪ 7 ስለሚውል ብዙ ጊዜ በሁለቱ ሴሚስተሮች መካከል ይገኛል፤ ቤት ሙሉ እንግዳ መጥራት ያሰበ ሰው ያን ጊዜ ይጥራ። እንቁጣጣሽና መስቀል በመጸው ሴሚስተር መጀመሪያ ሳምንታት፣ ፋሲካ ደግሞ የማጠቃለያ ፈተና በሚቃረብበት ጊዜ ይውላሉ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ የ12 ሰዓት ልምምድ መቆም ለሚከብዳት ተማሪ ጉዳዩን ከነፍስ አባቷ ጋር መነጋገሩ ይበጃል፤ በረመዳን የምትጾም ተማሪ ደግሞ የዕረፍት ሰዓቷ ከማፍጠሪያው ጋር እንዲገጥም አስተማሪዋን በሴሚስተሩ መጀመሪያ ብትጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚከለክላት የለም።

ከማኅበራዊ ኑሮው ጋር የተያያዘ፣ ሊታለፍ የማይገባ ጥንቃቄም አለ። በ1996 የወጣው ሂፓ የተባለው ሕግ የሕመምተኛን መረጃ ሚስጢር ስለሚያደርግ፣ በልምምድ ላይ ያገኘችውን የአገር ልጅ መታመም በቡና ላይ ማንሣት፣ ስሙን ሳይጠሩ እንኳ በሚታወቅ መልኩ መናገር፣ ከትምህርት ሊያስባርር ይችላል። ሕመምተኛው አማርኛ ብቻ የሚናገር ሆኖ አስተርጓሚ ሁኚ ብትባልም፣ የሆስፒታሉ ሕጋዊ አስተርጓሚ እንዲጠራ መጠየቅ የተማሪ መብትም ግዴታም ነው።

ነገሩ ሲበላሽ

ዕቅዱ በጥሩ ሁኔታ የወጣ ቢሆን እንኳ ሊበላሽ ይችላል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ውጤት አይደለም፤ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሞተሩን አጥፍቶ ለረጅም ጊዜ አለመውረድ፣ በልጅ ላይ በትንሽ ነገር መጮህ፣ ከልምምድ በኋላ ስላዩት ሞት ለማንም አለመናገር ነው። ከእነዚህ አንዱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆይ የኮሌጁን የምክር አገልግሎት መጠየቅ ይገባል፤ ለተመዘገበ ተማሪ ብዙውን ጊዜ በነጻ ነው። ውጤትን በሚመለከት፣ በነርሲንግ ብዙ ጊዜ ማለፊያው ከ75 እስከ 78 በመቶ ስለሆነና ሁለት ኮርስ መውደቅ ከፕሮግራሙ ሊያስወጣ ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ፈተና እንደተመለሰ አስተማሪን በቢሮ ሰዓት ማነጋገር ያስፈልጋል። በአገር ቤት ልማድ መምህርን በቢሮው መጎብኘት ድፍረት ይመስላል፤ እዚህ ግን አለመሄድ ግድ የለሽነት ተደርጎ ይወሰዳል። ኮርሱን ከመውደቅ የማቋረጫው ቀን ሳያልፍ በሥርዓት መውጣትና በሚቀጥለው ዓመት መመለስ ይሻላል፤ ይህ ሲሆን ግን የፔል እርዳታው ሊነካ ስለሚችል መጀመሪያ የእርዳታ ክፍሉ ይጠየቅ።

በትምህርት ላይ እያለች ያረገዘች ተማሪ በ1972 የወጣውን ታይትል ናይን የተባለውን ሕግ ማወቅ ይኖርባታል፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ሐኪሟ አስፈላጊ ነው ባለው ጊዜ ብትቀር ይቅርታ ሊያደርግላት፣ ስትመለስም በነበረችበት ደረጃ ሊቀበላት ይገባል። መብቱ የሚጠበቀው ግን ከመቅረት በኋላ በሚቀርብ ሰበብ ሳይሆን፣ ቀደም ብሎ ለትምህርት ቤቱ የታይትል ናይን ኃላፊ በጽሑፍ በማሳወቅ ነው።

ከምርቃት እስከ መጀመሪያው ሥራ

ምርቃት የመጨረሻው እርምጃ አይደለም። ኤንክሌክስ የሚባለው የፈቃድ ፈተና ከ1994 ጀምሮ በኮምፒውተር የሚሰጥ ሲሆን፣ ተፈታኙ እንደመለሰው እየከበደ ወይም እየቀለለ የሚሄድ፣ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ያለው፣ እስከ አምስት ሰዓት የሚፈጅ ነው። ከአፕሪል 2023 ወዲህ አንድን ሕመምተኛ ደረጃ በደረጃ የሚከታተሉ የጉዳይ ጥያቄዎች ተጨምረውበታል። የወደቀ ሰው ለመድገም ቢያንስ 45 ቀን ይጠብቃል። ከምርቃት በኋላ የሚመጣው ድግስ፣ ዕረፍትና የአገር ቤት ጉዞ ከዚህ ፈተና ሊቀድም አይገባም፤ እውቀቱ ትኩስ በሆነበት በስድስት ወይም በስምንት ሳምንት ውስጥ መፈተን፣ እስከዚያውም የቤተሰቡን ውል ሳያፈርሱ ማቆየት ያስፈልጋል።

አዲስ ነርስ የምታገኘው የመጀመሪያ ሥራ ብዙ ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን 12 ሰዓት፣ አብዛኛውን ጊዜም በሌሊት ነው። ይህ ለቤተሰቡ ፍጹም አዲስ ሰሌዳ ስለሆነ በማቀዝቀዣው በር ላይ ያለው ወረቀት ወርዶ ሌላ ሊለጠፍ፣ እናት ቀን የምትተኛበት ክፍል በር ላይም ልጆቹ የሚያውቁት ምልክት ሊንጠለጠል፣ የጠዋቱንም የትምህርት ቤት መንገድ ማን እንደሚይዝ ከመጀመሪያው የሥራ ሳምንት በፊት እንደገና ሊዋዋሉበት ይገባል።